ዝናቡ ያስቀረው ፊልም

አሰላ የገባሁት በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ በባለቤቴና በሾፌሩ መካከል ተጣብቤ ተቀምጬ ነው።

ባለቤቴ የፍርድ ቤት ሹም ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አርሲ ሲዛወር ሚስት ይዞ መሄድ ፈለገና ለታላቅ ወንድሜ ሽማግሌ ላከ። አባታችን ሞቶ ስለነበር በቤታችን የሚያዘው ወንድሜ ነው። እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር። ጓዳው በር ላይ ቆሜ፣ "ትምህርቴስ?" ብዬ ጠየቅሁ። ባለቤቴ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ "አሰላም ትምህርት ቤት አለ፤ ትቀጥላለች" አለ። ወንድሜ ደስ አለው። እኔም አመንኩ።

አሰላ ውስጥ እውነትም ትምህርት ቤት ነበረ፤ ግን ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም። ይህን ባለቤቴ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ደርሰን ዕቃው ከተዘረጋ በኋላ ነገሩን ሳነሳበት ጋዜጣውን ሳያስቀምጥ፣ "የጨረስሽውን መልሰሽ ልትማሪ ነው?" አለኝ።

ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም። አይማታም፣ አይሰክርም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ለማንም መናገር የቸገረኝ ለዚህ ነው። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ አንቱ እለው ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ ያለ እሱ ከግቢ አልወጣም። ገበያ የሚሄድ አሽከር አለ፣ ውሃ የምትቀዳ ልጅ አለች፣ በር ላይ ዘበኛ አለ። "ምን ጎደለሽና ነው የምትወጪው?" ይለኛል። ከጓሮ ሆኜ ጭላሎ ተራራን አያለሁ፤ ጉም ሲሸፍነው ደግሞ የጎረቤትን የባሕር ዛፍ አጥር አያለሁ። ቀኑ በዚህ ያልቃል።

እናቱ አብረውን ይኖራሉ። እማማ ነበር የምላቸው። ከመንዝ ያመጣቸው እሱ ነው፤ አባቱ ሲሞቱ፣ "ብቻሽን አትኖሪም" ብሎ። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው በር አድርገው ጥጥ ይፈትላሉ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት እኔን እንዲጠብቁ የተቀመጡ ይመስለኝ ነበር። ብዙ አንነጋገርም። "ምሳ ደረሰ?" "ደርሷል።" "እግዜር ይስጥሽ።" ከዚህ የሚያልፍ ቃል በመካከላችን አልነበረም።

የምወጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፊልም ለማየት ብቻ ነበር። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ አሰላ የቀረ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ትልቅ ጋራዥ ነበረው። እሑድ እሑድ መኪኖቹን ያስወጣና ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ይወጥራል፤ ጀነሬተሩን ያስነሳና ፊልም ያሳያል። ሹማምንትና ሚስቶቻቸው ከፊት በወንበር፣ ሌላው ሰው ከኋላ በአግዳሚ ይቀመጣል። ወለሉ ዘይት ዘይት ይሸታል። የሥራ ባልደረቦቹ ሚስቶቻቸውን ስለሚያመጡ ባለቤቴም እኔን ማምጣት ነበረበት። ለዚያ ለሁለት ሰዓት ስል ሳምንቱን በሙሉ እታገስ ነበር።

ፊልሞቹ ከናዝሬት በዕቃ መኪና ይመጣሉ። ከሁሉ የምወደው ልብ አንጠልጣዮቹን ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጥላ የበዛባቸው፣ አንዱ ደረጃ ሲወጣ ሌላው ከበር ኋላ ትንፋሹን ይዞ የሚቆምባቸውን። ለምን እንደወደድኳቸው ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው፣ በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ የተዘጋ ቤት ዝም ብሎ የተዘጋ ቤት አይደለም። በሩ መዘጋቱን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ጋራዡ ሙሉ ሰው ይጨነቅበታል። ለእኔ በር የተጨነቀ ሰው አልነበረም።

ቋንቋውን የሚያስረዳን በሆስፒታል ድሬሰር የነበረ ወጣት ነው። ከአቡጀዲው ጎን ቆሞ ጮክ ብሎ ይተረጉማል። ግን የሚተረጉመው የዋናውን ተዋናይና የቆንጆዋን ንግግር ብቻ ነው። አሳላፊ፣ ፖስተኛ ወይም ነጂ ሲናገር፣ "ይሄ ተራ ሰው ነው፣ እለፉት" ይለናል።

በሁለተኛው ክረምት ዝናቡ አላቆም አለ። ከናዝሬት የሚመጣው መንገድ ላይ የነበረውን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። መኪና አይገባም፣ አይወጣም። ጨው ተወደደ፣ የላምባ ወረፋ በዛ። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ አንድ ፊልም ብቻ ቀረ፤ ወደ ናዝሬት መመለስ ያልቻለው የመጨረሻው። መካኒኩ እጁን ዘርግቶ፣ "ሌላ ኒየንቴ፣ ምንም የለም፤ ይሄው ነው" አለን። እሑድ አልፎ እሑድ ያንኑ ፊልም አየን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት በባቡር ተሳፍራ ስትጓዝ በረዶ መንገዱን ይዘጋና ከአንድ ትንሽ ጣቢያ አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ታድራለች። የማረፊያው ባለቤት መልከ መልካም፣ ለስላሳ ተናጋሪ ነው። ሴትዮዋ ከሟች አባቷ ብዙ ሀብት እንደወረሰች ያውቃል። ባቡሩ መሄድ ሲጀምር እንኳ አይነግራትም። ለሌሎቹ እንግዶች "ታማለች፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል" ይላል፤ እሷን ፎቅ ላይ ያስቀምጣታል፤ የምትጽፈውን ሁሉ ይደብቃል። መጨረሻ ላይ ፖሊስ ይመጣል፣ ተኩስ ይሆናል፣ መልከ መልካሙ ከደረጃ ይወድቃል። በመጀመሪያው እሑድ ሕዝቡ ለፖሊሱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

በሁለተኛው እሑድ ብዙ ሰው ሳይመጣ ቀረ። በሦስተኛው ባለቤቴ ራሱ፣ "አንድ ነገር ስንት ጊዜ ይታያል?" አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ያችም አንዲት መውጫዬ ልትዘጋ ነው ብዬ። ከበረንዳው እማማ፣ "እኔ አይቼው አላውቅም" አሉ። ባለቤቴ ዞር ብሎ አያቸው። እሑድን ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለሌላ ነገር ወጥተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ጥቂት አሰበና፣ "እንግዲያው አብራችሁ ሂዱ፤ ዘበኛው ይወስዳችኋል" አለ።

ሄድን። ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ ሲደበድበው የተዋንያኑም የአስተርጓሚውም ድምፅ ጠፋ። ከአቡጀዲው ላይ የሚሰማ ነገር የለም፤ ፊት ብቻ ነው። እኔ ታሪኩን ስለማውቀው መልከ መልካሙን ማየት ሰልችቶኝ ነበር። ቅንድቡን ያነሳል፣ ሲጋራውን ይለኩሳል፣ ጥርሱን ያሳያል፤ ሲፈራ ዓይኑን ያፈጣል፤ ሲቆጣም ያንኑ ዓይን ያፈጣል። ዓይኔ ሌላ የሚያየው ፈልጎ ሲንከራተት ቁልፍ ያዡ ላይ አረፈ።

ቁልፍ ያዡ ከማረፊያው በር አጠገብ፣ ከባንኮኒ ኋላ የሚቆም መላጣ ሽማግሌ ነው። ከኋላው የክፍሎቹ ቁልፎች ተሰቅለዋል። ከዚያ በፊት አይቼው ነበር፤ ወንበር እንደሚታይ ዓይነት። አሁን ግን ሴትዮዋ በደረጃው ስትወጣ ባንኮኒውን የሚወለውለው እጁ ቆም ሲል አየሁ። ቆመና መልሶ ቀጠለ። ጌታው ሲያነጋግረው ፊቱን አያየውም፤ ጫማውን ነው የሚያየው። ከዚያ ወደ ኋላው ሳይዞር፣ እጁን ብቻ ልኮ የእሷ ቁልፍ በቦታው መሆኑን በጣቱ ይዳብሳል። ይህ ሰው ያውቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቅ ኖሯል።

እማማ ክንዴን ነካ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ያ መላጣው ፈርቷል" አሉኝ።

"ማንን?"

"ጌታውን ነዋ። ኮቱን አላየሽም? ቁልፉን አዛንፎ ነው የቆለፈው። ጠዋት ደህና ነበር።"

አየሁት። እውነት ነው፤ ኮቱ አንድ ቁልፍ ዘሎ ተቆልፏል። ተዋናዩ ይህን ሲያደርግ ማንም አያየኝም ብሎ ይሆን፣ ወይስ አንድ ሰው ያየኛል ብሎ? ፊልሙን ለማየት በሚመጣው ሕዝብ ሁሉ ፊት፣ መልከ መልካሙ መሃል ቆሞ በሚያበራበት፣ ይህ ሰው ጥግ ላይ ሆኖ ፍርሃትን በአንድ የኮት ቁልፍ ነገረን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እማማ ወሬ አገኘን። እሳቸው እየፈተሉ፣ እኔ ገብስ እየለቀምኩ የምንነጋገረው ስለ ቁልፍ ያዡ ነው። እማማ፣ "ሚስት የለውም" ይላሉ። "በምን አወቁ?" ስላቸው፣ "አንገቱን እይው፤ ሸሚዙን የሚያጥብለት የለም" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ደረጃውን ሲወጣ በመሃል እንደሚያርፍ፣ ያ ድካም ሳይሆን ጆሮ እየጣለ መሆኑን አነሳለሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሄደን እናረጋግጣለን። አንዳንዴ እሳቸው ትክክል ይሆናሉ፣ አንዳንዴ እኔ።

ከሁሉም በላይ የምንጠብቃት አንዲት ትዕይንት ነበረች። እንግዶቹ ሁሉ ምግብ ቤት ተሰብስበው እራት ይበላሉ። መልከ መልካሙ ሴትዮዋን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ታማለች እያለ ያዝንላታል። ቁልፍ ያዡ በበሩ ይገባል፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ከፊቷ ቆሞ አንድ አጭር ነገር ይናገራል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ሴትዮዋ ትነሳለች። መልከ መልካሙ እጁ ሹካው ላይ እንዳለ ይቀራል፤ በሰው ሁሉ ፊት ምን ሊል ይችላል? አስተርጓሚው ይህችን ንግግር ሁልጊዜ ያልፋታል። ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ እሑድ እማማ ፊልሙ መሃል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

"አንተ ልጅ፣ ሰውዬው ምን አላት?" አሉ።

"እማማ፣ ጥቅም የለውም፤ ተራ ሠራተኛ ነው።"

"ጥቅሙን እኔ አያለሁ። ምን አላት?"

አስተርጓሚው ሳቅ ብሎ፣ "'እመቤቴ፣ ሻንጣዎን በሩ ጋ አውርጄዋለሁ' ነው ያላት" አለ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር። ክንዴን ይዘው፣ "እኔም መንዝ መመለስ እፈልግ ነበር" አሉኝ፤ ፊልሙን ሳያነሱ፣ ሌላም ነገር ሳይጨምሩ። "ነግረውት ያውቃሉ?" አልኳቸው። "ምን ጎደለሽ ይለኛል።" በረንዳው ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው የሚቀመጡት እኔን ለመጠበቅ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ቤታችን መጣ። ለትንንሾቹ ሴቶች ክፍል ሴት አስተማሪ ፈልጎ አላገኘም፤ ስምንተኛ ክፍል መጨረሴን ከሰው ሰምቷል። እኔና እማማ ጓዳ ነበርን፤ ንግግሩ ሁሉ ይሰማናል። ባለቤቴ በጨዋ ደንብ አስተናገደው፣ አመሰገነው፤ ከዚያ፣ "ጤንነቷ አይፈቅድላትም። ደጋው አልተስማማትም፤ ዕረፍት ነው የታዘዘላት" አለ።

ታምሜ አላውቅም። እማማን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ሁለታችንም ይህን ንግግር የት እንደሰማነው እናውቃለን። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። በፊልሙ ውስጥ ለዚያች ሴት ፖሊስ ይመጣላታል። እኔን ሊፈታ የሚመጣው ሹም ግን ራሱ ባለቤቴ ነበር። ወንድሜ ቢሰማ ደግሞ፣ ደህና ቤት ተቀምጠሽ ምን ሆንሽ ይለኛል።

ለመስቀል ባለቤቴ አለቃውንና የከተማውን ትልልቅ ሰዎች ምሳ ጠራ። ዲሬክተሩም ነበረበት። ሥጋው ቀርቦ፣ ጠጁ ተቀድቶ፣ ጨዋታው ሲደራ እማማ በእጃቸው ድስት ይዘው ከጓዳ ወጡ። ለአለቃው ጨመሩ፣ ለዲሬክተሩ ጨመሩ። እሱ ጋ ቆም ብለው፣ ጨው እንዳነሰው እንደሚነግሩት ዓይነት፣

"ልጅቷ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ትመጣለች። ቀሚሷን አሰፍቼላታለሁ" አሉት።

ዲሬክተሩ ግራ ገባው። "ታማለች ተብዬ ነበር፣ እናቴ።"

"ድናለች።"

አለቃው ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ ወደ ባለቤቴ ዞረ። "ሚስትህ ልታስተምር ነው? ደግ አድርገሃል። መንግሥትም የሚፈልገው ይህንን ነው። እኛ ካልጀመርን ማን ይጀምራል?" አለው። ሌሎቹም ደገፉት። አንዱ ለባለቤቴ ብርሌውን አነሳለት።

እኔ ጓዳው በር ላይ ነበርኩ። የባለቤቴ እጅ እንጀራው ላይ ቆሟል። እናቱን አየ፤ እሳቸው ድስቱን ይዘው ወደሚቀጥለው እንግዳ አልፈዋል፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ግድግዳውን ያዝኩ።

"አዎ" አለ በመጨረሻ። "አስቤበት ነበር።"

እንግዶቹ ሲሄዱ፣ "እማዬ፣ ምን አደረግሽኝ?" ብሎ ጠየቃቸው። "ለእንግዶችህ ወጥ ጨመርኩ" አሉት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከሁለታችንም ጋር አልተነጋገረም። ትምህርት ቤት የሚከፈት ዕለት ጠዋት ቀድሞን ወጥቶ ሄደ፤ ለዘበኛው ግን ምንም አልነገረውም። ቀሚሴን ለብሼ ወደ በሩ ስደርስ ዘበኛው፣ ደግ የአርሲ ሽማግሌ ነው፣ አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ "ጌታው አላዘዙኝም፣ ልጄ" አለኝ። እማማ ከበረንዳው፣ "እኔ አዝዣለሁ" አሉት። ፊቱ በራ። "ኤዬ፣ እሺ" ብሎ መወርወሪያውን ሳበ።

የመጀመሪያው ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። በእግሬ ብቻዬን መንገድ ላይ መሄዴን፣ ጋሪ ነጂው "እንሂድ ወይ?" ሲለኝ፣ "አይ፣ በእግሬ ነው" ማለቴን ግን አስታውሳለሁ።

ድልድዩ ተሠራና ያ ፊልም ወደ ናዝሬት ተመለሰ፤ ሌሎች ፊልሞች መጡ። እኔና እማማ ከዚያ በኋላ መልከ መልካም ተዋናይ አይተን አናውቅም። ጥግ ጥጉን ነበር የምናየው። ጌታዋ ሲዋሽ ሳህን የምትደረድረውን ሴት፣ የማይናገረውን የባቡር ትኬት ቆራጭ፣ ሬሳ ሲገኝ ከኋላ ቆሞ ባርኔጣውን የሚያወልቀውን። ፊልሙን አስጨናቂ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ዋናው ሰው መፍራቱን ይነግረናል፤ እኛ የምንፈራው ግን ትንሹ ሰው ሲፈራ ነው፤ እሱን ማንም ሊያድነው እንደማይመጣ ስለምናውቅ። አንድ በጋ ቁልፍ ያዣችንን በሌላ ፊልም አገኘነው፤ ፖስተኛ ሆኗል። ገና ሲጀምር በጥይት ተመትቶ ሞተ። እማማ ተነሡና፣ "በይ ወደ ቤት እንሂድ" አሉኝ፤ የቀረውን ሳናይ ወጣን።

ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት አልፎኝ ባለቤቴ ወደ ጢቾ ተዛወረ። ዝውውሩን የጠየቀው ራሱ እንደሆነ ያወቅሁት ዕቃ ሲታሰር ነው። ጢቾ ያኔ በበቅሎ የሚሄዱበት ሩቅ አገር ነበር። ማስተማሬ አበቃ ብዬ አሰብኩ። እማማ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ፣

"እኔ አልሄድም" አሉት።

"እዚህ ከማን ጋር ልትኖሪ?"

"ከመንዝ ስታመጣኝ አልጠየቅኸኝም። አሁን ሳትጠይቀኝ እየነገርኩህ ነው።"

"እሷስ? ሚስቴ ናት።"

"እሷን ጠይቃት።"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። አግብቶኝ ከመጣ ጀምሮ የፈለግሁትን ጠይቆኝ አያውቅም፤ አጠያየቁም ጠፍቶት ቆመ። "ትሄጃለሽ?" አለኝ።

"አልሄድም" አልኩት። ድምፄ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ሽማግሌ ገባ፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተቆጣ፣ መጨረሻው መለያየት ሆነ። እኔና እማማ ከትምህርት ቤቱ በታች ሁለት ክፍል ተከራየን። ሰው ይገረም ነበር፤ ምራትና አማት ባል ሳይኖር እንዴት ይኖራሉ ብሎ። እኛ ኖርን። እሱም በዓል ሲሆን እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል፤ ጠላ ይጠጣል፤ ስለ ጢቾ ብርድ ያወራል፤ ሲወጣ ለሁለታችንም እጅ ይነሳል።

አንድ የትምህርት ዕረፍት ላይ እማማን መንዝ ወሰድኳቸው። ብዙ መንገድ በመኪና፣ የቀረውን በበቅሎ ነበር። ቤታቸው ጣሪያው ወድቋል፣ መሬቱን ዘመድ ያርሰዋል፣ እኩዮቻቸው አብዛኞቹ አፈር ገብተዋል። ከፍርስራሹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ነፋሱን ሰሙ። እኔ አላስቸኮልኳቸውም። በማግስቱ ጠዋት ቀድመው ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፍተዋል።

"እዚህ ልቀመጥ ብዬ ነበር የመጣሁት" አሉኝ። "እንግዲህ ነይ፣ እንሂድ።"

በቅሎዋ ላይ ደግፌ አወጣኋቸው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ወደ ኋላ አላዩም፤ ኮርቻውን በሁለት እጃቸው ጠበቅ አድርገው ይዘው ነበር።